ከደጄ እስከ ደጅህ

ሰው ሲተዋወቅ ስሙንና ሥራውን ይናገራል። እኔን ግን ካዛንቺስ ውስጥ የሚያስተዋውቁኝ «የወልዴ ስለት» እያሉ ነበር። ሉሊ የሚባል ስም አለኝ፤ በአንድ የግንባታ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ እሠራለሁ። ይህ ሁሉ ለሰፈራችን ሰው ምኑም አይደለም። ሱቅ ስገባ «ስለቱ ደረሰ?» ታክሲ ስጠብቅ «አባትሽ ዘንድሮስ ይነሳል?» ይሉኛል። ሰው በስሙ የሚጠራበት አገር መኖሩን እስክጠራጠር ድረስ አንገሸገሹኝ።

አባቴ ወልደአረጋይ ፀጉር አስተካካይ ነው። ከእንትጮ በወጣትነቱ መጥቶ እዚያው ካዛንቺስ ሁለት ወንበር ያላት ቤት ከፈተ፤ አንደኛው ወንበር ከተሰበረ ቆይቷል፣ ጋዜጣ ይቀመጥበታል። በ1986 እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ማጅራት ገትር ያዘኝ። ሐኪሙ አባቴን ጠርቶ «ጸልዩ» አለው። ሐኪም ጸልዩ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የማይገባው ሰው የለም። አባዬ ኮሪደሩ ላይ በጉልበቱ ወድቆ «ቁልቢ ገብርኤል፣ ልጄን ብትምርልኝ ከደጄ እስከ ደጅህ በእግሬ እመጣለሁ» ብሎ ተሳለ። እኔም ዳንኩ።

እስቲ አሁን በእግዜር፣ ማን በእግርህ ና አለው? ሌላው ሰው ጧፍ ይሳላል፣ መጋረጃ ይሳላል፣ ሲብስበት በሬ ይሳላል። ያኔ ከለገሃር የሚነሳው ባቡር ድሬዳዋ ይገባ ነበር፤ አውቶቡሱም ሞልቷል። የእኔ አባት ግን ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መንገድ እግሩን ተሳለ። ይህም ሳያንሰው ለደንበኛው ሁሉ ነገረ። ፀጉር አስተካካይ ምስጢር አይይዝም፤ ሰውዬው አንገቱን አጎንብሶ ምላጭ ማጅራቱ ላይ እያለ ከመስማት በቀር ምን ምርጫ አለው?

በ1988 ጀመረ። ቃሊቲ ሲደርስ አንድ ደንበኛው መኪናውን አቁሞ «እስከ ድልድዩ ብቻ» አለው። ወሬ ያዙ። አባዬ ወሬ ከያዘ የት እንዳለ አያውቅም፤ ሲወርድ ደብረ ዘይት ደርሷል። ስለቱ ፈርሷል ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ምክንያቱም ቃሉ «ከደጄ እስከ ደጅህ» ነው፣ መሐሉ መዘለል የለበትም። በ1992 ሞጆ ላይ የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ መገርሳ በመኪና ደርሰውበት የአጎቱን መርዶ ነገሩት። ከዚያ ወዲያ አንዴ ጉልበቱ ያብጣል፣ አንዴ ወገቡ ይያዛል። እኔም አደግኩ።

ያደገች ልጅ ደግሞ ሽማግሌ ይላክባታል። የፈለገኝ ሰው ዘአማኑኤል ይባላል፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ከእሱ የበለጠ የሚታገስ ሰው አላየሁም። በ2002 ጥር ሊገባ ሲል ሦስት ሽማግሌዎች ላከ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ አስለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። አባዬ ግን፣

«ልጅቷ የእኔ አይደለችም» አላቸው። «የገብርኤል ናት። ስለቴን አድርሼ ከእጁ ካልተቀበልኳት እንዴት አድርጌ እድራለሁ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ዕድሜዋ ገና ነው ቢላቸው መልስ ነበራቸው፤ ዘመድ ሳይሆኑ አይቀሩም ቢላቸውም ትውልድ ቆጥረው ያሳዩት ነበር። ከገብርኤል ጋር ግን ማን ይከራከራል? ኮፍያቸውን ይዘው ወጡ። እኔ እዚያው መጋረጃው ጀርባ አውራ ጣቴን ነክሼ ቀረሁ። ዘአማኑኤል አንድ ዓመት ጠበቀ። «ለመጪው ጥር ካልሆነ ግን ሉሊዬ፣ ማለቴ፣ በቃ እኔም ሰው ነኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። እናቱ ሌላ ልጅ ማማረጥ መጀመራቸውንም ሰምቻለሁ።

በ2003 ታኅሣሥ ሲገባ አባዬ ጫማውን አስጠገነ። በዓሉ ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ደርሰን ከተመለስን ከጥምቀት በኋላ ሰርግ ይሆናል። እናቴ መብርሂት «ብቻውን አይሄድም፤ ስለቱ አንቺ ነሽ፣ አንቺ ተከተይው» አለችኝ። ለጫጉላ ብዬ ያስቀመጥኳትን የዓመት ፈቃዴን ለአስፋልት ሰጠኋት።

ቁልቢ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም፤ ጎረቤቱ ሁሉ የራሱን ስለት ያስይዘዋል። ጧፉ መጣ፣ ዕጣኑ መጣ፤ ሁሉም «አደራ» እያለ አስታቀፈን። በመጨረሻ ወይዘሮ ጀማነሽ የምትባል የጓሮ ጎረቤታችን የቤተ ክርስቲያን ጥላ ይዛ መጣች፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ዘንጉ የብረት።

«አንቺ ወጣት ነሽ፣ ምን አለሽ» ብላ ትከሻዬ ላይ አጋደመችው።

በማለዳ ተነሳን። እስከ ስታዲየም ድረስ በእልልታ ሸኙን። አባዬ በየመንገዱ የሚያውቀውን ሁሉ እየቆመ ይሰናበታል፤ ሰው ወደ ውጊያ የሚሄድ ይመስል። «አባዬ እንፍጠን» ስለው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል። ይህን ተረት ያን ቀን ብቻ ስንቴ እንደሰማሁት አልናገርም። በስተኋላማ እንቁላል ባየሁ ቁጥር የምሰብረው እየመሰለኝ መጣ።

ጾመ ነቢያት ነው። አባዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምስም፤ እየተራመደ! እኔ ግን ከቃሊቲ በኋላ ዳቦዬን ገመጥኩ። አላየሁም ብሎ ፊቱን አዞረ። ማታ ማታ መንገድ ዳር ባሉት አልቤርጎዎች እናድራለን፤ እሱ እግሩን በሞቀ ውኃ ዘፍዝፎ ለአልቤርጎው ባለቤት ታሪኩን ይተርካል፣ እኔ ውኃ የቋጠረ ተረከዜን በመርፌ እወጋለሁ።

ናዝሬትን እንዳለፍን ሌላ ጣጣ ተጀመረ። ኑሪ የሚባል የአይሱዙ ሹፌር አለ፤ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚመላለስ፣ ፀጉሩን ከአባዬ በቀር ለማንም የማያስነካ። ይህ ደግ ሰው የሥራ ባልደረቦቹን ሁሉ «ቀይ ጥላ የያዘች ልጅና ሽማግሌ ካገኛችሁ አደራ አሳፍሩልኝ» ብሏቸው ኖሯል። እንግዲህ ጎማ ያለው ሁሉ ይቆም ጀመር። አይሱዙው ይቆማል፣ ቦቴው ይቆማል፣ ተሳቢው ከነተጎታቹ ፍሬን እያፏጨ ይቆማል። አባዬ ደግሞ «አይ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ አያልፍም፤ ለእያንዳንዱ ሹፌር ከማጅራት ገትሬ ጀምሮ ይተርክለታል። ሲጨርስ ክንዴን ይዞ ወደ መስኮቱ ያስጠጋኛል።

«ይቺ ናት!»

ሹፌሩ ከላይ እስከ ታች ያየኛል። «እሰይ፣ ተርፋለች!» ይላል።

መትረፌን እኔ ራሴ እጠራጠር ነበር። መተሐራ ላይ ሙቀቱ ከአስፋልቱ እየተነሳ ፊት ይለበልባል። ከበሰቃ ሐይቅ አጠገብ ግመሎች እንኳ ግራር ሥር ተኝተው አየሁ፤ ከግመል የማንሻል እኛ ብቻ እንሄዳለን። የከፋዩን ጥላ ልዘረጋው ስል አባዬ ጮኸብኝ።

«የስለት ዕቃ ነው! ታቦቱ ሳይከበርበት አንቺ ልትከበሪበት?»

«አባዬ፣ ፀሐዩ አናቴን ሊበሳው ነው።»

«ነጠላሽን አጣጥፈሽ አድርጊበት።»

እንዲያ ያለ ጥላ ተሸክሜ በፀሐይ ተቃጠልኩ። ማልቀስ አምሮኝ ነበር፤ እንባዬም የደረቀ መሰለኝ። ያም ሆኖ፣ እውነት ለመናገር፣ አዋሽን ስንሻገር ድልድዩ ላይ ቆመን ወንዙን ቁልቁል አየንና ደስ አለኝ። በዕድሜዬ ይህን መንገድ በአውቶቡስ አልፌዋለሁ፤ ሁለት ጊዜም ተኝቼ። አገር እንዲህ ሰፊ መሆኑን የሚያውቀው ተረከዝ ብቻ ነው። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ከድልድዩ ማዶ አንድ ቦቴ ቆሞ ይጠብቀናል።

ሚኤሶ ስንደርስ ግን በዓሉ ገና ነበር። በአካሄዳችን ለዋዜማው እንደርሳለን። ለዘአማኑኤል ደውዬ «አዳራሹን ተከራይ» አልኩት። በስልኩ ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

እዚያ ሚኤሶ መግቢያ ላይ የኑሪ አይሱዙ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። ድሬዳዋ የሚያደርሰው ስፖንጅ ፍራሽ ነው፤ በሸራ ተሸፍኗል።

«ጋሼ ወልዴ!» ብሎ አባዬን አቀፈው። «ራዲያተሩ ፈልቶብኝ ነው። ይኼ ፀሐይ እስኪበርድ ፍራሹ ላይ ጋደም ይበሉ። የቆመ መኪና ላይ መተኛት ደግሞ ስለት ያፈርሳል አይሉኝም!»

አባዬ ሞኝ አይደለም። መኪናውን ዞሮ አየ፣ በኮፈኑ በኩል አጎንብሶ እንፋሎቱን አረጋገጠ። «ሞተሩን አታስነሳም?» አለው።

«ወላሂ ጋሼ፣ ይኼ ራዲያተር ካልበረደ አልነካውም።»

ተኛን። ለስንት ሌሊት የአልቤርጎ ሽቦ አልጋ ላይ ያደረ ሰው ፍራሽ በፍራሽ ላይ ተደራርቦ ሲያገኝ ምን ይሆናል? ሞትኩ ማለት ይቀላል። የቀሰቀሰኝ ብርድ ነው። ብርድ! በሚኤሶ ቆላ! ሸራውን ገልጬ ባይ ዙሪያው ተራራ፣ ተራራው በጫት ተሸፍኗል፣ መኪናው ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። አባዬም ነቅቶ ተቀመጠ። ቀጥሎ የሹፌሩን ጋቢና በሁለት እጁ ይደበድብ ጀመር።

ኑሪ ሂርና ከተማ መግቢያ ላይ አቆመ። ፈገግ እያለ ወረደ፤ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ፈገግታ።

«ጋሼ፣ ራዲያተሩ በረደ፣ መሐላዬንም አላፈረስኩ። እርስዎ ደግሞ ተኝተው ነበር፤ የተኛ ሰው አይጠየቅም። ኃጢአት ካለውም በእኔ ላይ ይሁን፣ እኔ እሸከመዋለሁ።»

አባዬን ያን ያህል ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። ትግርኛው መጣበት፤ እሱ የሚናደደውም የሚራራውም በትግርኛ ነው። ኑሪ አንድ ቃል ባይሰማም ሁሉም ገባው። ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ «ለደግ ብዬ እኮ ነው» እያለ ጎማውን ይረግጣል። እንዲህ ያለ ሰው ተሰድቦም አይጠገብ፣ ተመርቆም አይቻል። ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

«ወደ ሚኤሶ እንመለሳለን» አለ አባዬ።

«የት?»

«ወደ ተኛንበት። ወደ ኋላ በመኪና መሄድ ስለት አያፈርስም። ከዚያ በእግራችን እንመጣለን።»

ያን ጊዜ ያ ሁሉ የተጠራቀመ ንዴቴ ገነፈለ። ጥላውን መሬት ላይ ወረወርኩት።

«ከተመለስን በዓሉ ያመልጠናል! አባዬ፣ አዳራሹን አስይዣለሁ እኮ! አንድ ዓመት ሙሉ አስጠበቅከው። ሰውዬው ድንጋይ ነው? እኔ ድንጋይ ነኝ? ገብርኤል ያዳናትን ሉሊን እዚህ መንገድ ላይ ልትገላት ነው?»

ገበያ የወጣው ሰው ቆሞ ያየናል። አባዬ ጥላውን አንስቶ አቧራውን በጋቢው ጠረገ።

«አንቺን የሰጠኝን አታልዬ አንቺን ልዳር?» አለኝ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ጓለይ።»

ጓለይ ማለት በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። በዚያ ቃል ሲጠራኝ እሺ እላለሁ፤ ይህንንም ያውቃል። ተመለስን። ለበዓሉ መኪናው ሁሉ ወደ ቁልቢ ስለሚነጉድ፣ ወደ ኋላ የሚወስደን ያገኘነው በሦስተኛው ቀን ነው። ማታ ከሚኤሶ ለዘአማኑኤል ስደውልለት «ጥር እስኪያልቅ አዳራሹን አቆያለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ሉሊ፣ አትደውዪልኝ» ብሎ ዘጋው።

ከሚኤሶ እስከ አሰበ ተፈሪ፣ ከአሰበ ተፈሪ እስከ ሂርና ያለውን ዳገት ይህን ጊዜ በእግራችን ወጣነው። እኔ አላናግረውም፤ ከፊቱ ፊቱ እሄዳለሁ። ሂርናን ካለፍን በኋላ በዓሉ አልቆ ተሳላሚው ሲመለስ መንገድ ላይ ተገጣጠምን። አውቶቡሱ ሁሉ ሰንደቅና ቄጠማ አስሮ፣ መዝሙሩን ከፍቶ ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳል። ሰው በመስኮት አንገቱን እያወጣ ይጮኽልናል።

«ኧረ አልቋል! በዓሉ አልፏል እኮ! ወዴት ነው? ግቡና እንመልሳችሁ!»

አባዬ እጅ ይነሳቸዋል። ጓዛችን ውስጥ ያለው የጎረቤት ጧፍ በመተሐራ ሙቀት ቀልጦ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ የማን የማን እንደሆነ የሚለይበት የለም። ጥላው ትከሻዬን አቁስሎታል። ይህን ሁሉ ያደረገው የእኔ መዳን ነው ብዬ ሳስብ፣ አንዳንዴ ያን ሐኪም ማግኘትና መጠየቅ ያምረኝ ነበር፤ ምናለ ዝም ብለህ መርፌውን ብትወጋኝ?

ጨለንቆን በጠዋት አለፍን። ከዚያ በኋላ የሚያቆመን አልነበረም። የኑሪ ባልደረቦች ሰምተው ይሁን አፍረው፣ አንድም መኪና አልቆመልንም። የሚያውቀን ሰው የለም፣ መርዶ የሚያመጣ የለም፣ አየሩ ቀዝቃዛ፣ መንገዱ ደረቅ። ሰሞኑን እንደዚያ ቀን እግሬ ቀሎኝ አያውቅም። አንዱን መታጠፊያ ስንዞር ከኮረብታው ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ታየ። እልል ለማለት አፌን ከፈትኩ። ዘወር ስል አባዬ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ደከመህ?» አልኩት።

«አልደከመኝም።»

«እግርህን ነው?»

«እግሬ ደኅና ነው። ትንሽ እንቀመጥ። ወይም ዛሬ እዚሁ እንደር።»

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እንኳ አልሆነም። ጉልላቱን አሳየሁት፤ እሱ ጫማውን ያያል። ልጮኽበት ስል ከኋላችን የመኪና ድምፅ መጣ። ሚኒባስ ነው። አባዬ እጁን አወጣ።

ሰላምታ የሚሰጥ መስሎኝ ነበር። ሚኒባሱ ቆመ፣ ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ በሩን ከፈተ። «ቁልቢ ነው አባት? ይግቡ» አለ። አባዬ ከድንጋዩ ተነስቶ ሄደና አንድ እግሩን መርገጫው ላይ አደረገ። ያ ሁሉ ቦቴና ተሳቢ የመለሰ፣ ስለ አንድ እንቅልፍ ሚኤሶ ድረስ የጎተተኝ ሰው! ሮጬ ኮቱን ከኋላ ጨመደድኩት።

«ምን እያደረግክ ነው? ደረስን እኮ!»

ፊቱን አላዞረልኝም። «ከተሳፈርኩ ስለቱ ፈረሰ ማለት ነው» አለ በዝግታ። «ለከርሞ ደግሞ ከቤታችን እንጀምራለን። እኔና አንቺ።»

ሹፌሩ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል። «ሂድ» አልኩት፣ «ንዳው፣ አንገባም!» በሩን ራሴ ዘጋሁት። ሚኒባሱ ሄደ። አባዬ መንገዱ መሐል እጆቹን አንጠልጥሎ ቀረ። እዚያ ድረስ ይዤው የመጣሁት ንዴት ነበር፤ የምወረውርበት ሰው ግን ከፊቴ ጠፋ። የቆመው አንድ የደነገጠ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ መሆኑን ያየሁትም ያን ቀን ነው።

«አባዬ» አልኩት፣ «ዘአማኑኤል ቤት የተከራየው ላንቻ ነው። ላንቻ! በመጀመሪያው ቀን ገና ላብ እንኳ ሳያልበን ያለፍናት ላንቻ። ሱቅህን ዘግተህ መጥተህ ሻይ ጠጥተህ ትመለሳለህ።»

ከካዛንቺስ ተነስቶ፣ የሚኤሶን ዳገት እንደገና ወጥቶ፣ እዚያ ድረስ በእግሩ የመጣ ሰው ቀና ብሎ አየኝ።

«ላንቻ ሩቅ ነው፣ ጓለይ» አለኝ።

ክንዱን ያዝኩና ዳገቱን ጀመርነው፤ ቀስ እያልኩ የምራመደው እኔ ነበርኩ።